ረቡዕ ነው ብዬ ዋሸሁ

ይህ ደብዳቤ የመጣው ከገርጂ ነው። ረዘም ስለሚል ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። 34 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ዐቢይ ጾም ሲፈታ ቤተሰቡ ሁሉ ሥጋው ላይ ሲረባረብ እኔን አላሰኘኝም። ሰውነቴ ቀሎኝ ነበር። ትንሽ ልቆይ አልኩ። ቆየሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። በአዘቦት ቀን ሥጋ አልበላም፤ ዶሮም ዓሣም ያው። ቅቤ፣ ወተት፣ አይብና እንቁላል ግን እበላለሁ። ለፋሲካ፣ ለገናና ለእንቁጣጣሽ ደግሞ የእናቴን ዶሮ ወጥ እበላለሁ። ደስ ብሎኝ ነው የምበላው፤ አልደብቅዎትም።

ችግሩ ስሙ ነው። መሥሪያ ቤት ‹ቬጂቴሪያን ነኝ› ብዬ ነበር። የእንቁጣጣሽ ማግስት ዶሮ ወጥ በምሳ ዕቃ ይዤ ስሄድ ሳቁብኝ። አንዱ ‹ፍሌክሲቴሪያን› የሚል ስም አወጣልኝ። የወገብ ሕመም መድኃኒት ነው የሚመስለው። ጀርመን ያለችው ታናሽ እህቴ ቪጋን ከሆነች፣ ማለትም ሥጋም ወተትም እንቁላልም ከተወች፣ አራት ዓመቷ ነው። ‹አንቺ አስመሳይ ነሽ፤ ዶሮዋ በዓል መሆኑን አታውቅም› ትለኛለች። እናቴ ደግሞ ‹ወይ ጹሚ ወይ ብዪ› ነው ነገሯ።

ሰው ቤት ስሄድ ነገር ለማሳጠር ‹ጾም ላይ ነኝ› ማለት ጀመርኩ። ማንም አይከራከርም። ባለፈው ግንቦት ግን የባሌ አጎት ቤት የልጅ ልጃቸው ክርስትና ተነስቶ ተጠራን። ቀኑ ረቡዕ ነበር። ጥብስ ሲያቀርቡልኝ ‹ረቡዕ አይደል እንዴ፣ እጾማለሁ› አልኩ። ጋሼ ሳቅ አሉና ‹ልጄ፣ በዓለ ሃምሳ እኮ ነው፤ ምን ጾም አለ?› አሉኝ። አጠገባቸው ቄሱ ተቀምጠዋል። ደነገጥኩና ‹ስለት አለብኝ› አልኩ። ቄሱ ቀና ብለው አዩኝ፤ ምንም አላሉም። የጋሼ ባለቤት ግን ብድግ ብለው ማድ ቤት ገቡ። ያን ሁሉ እንግዳ ትተው ለእኔ ሽሮ በዘይት ሠርተው መጡ። እየተናነቀኝ በላሁት። ከዚያ ወዲህ በሄድን ቁጥር ‹ስለትሽ አልሰመረም?› እያሉ ለብቻዬ የጾም ይሠሩልኛል። ዘንድሮ ገናን የምንውለው እነሱ ቤት ነው። ምን ልሁን? ስሜስ ማነው?

ግራ የገባት፣ ከገርጂ»

እህቴ፣ ረቡዕ ላይ ስደርስ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ። የተያዝሽው እኮ ከጿሚ ስላነስሽ አይደለም፤ ስለበለጥሽ ነው። ጿሚ የሆነ ሰው በዓለ ሃምሳን አይረሳም። 55 ቀን ሙሉ ሲጠብቀው ነው የከረመው።

ከስሙ ልጀምር። ከብዙ ዓመት በፊት አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሕንዳዊ ነበር። ከቅድመ አያቶቹ ጀምሮ ሥጋ ቀምሶ የማያውቅ ቤተሰብ ልጅ ነው። እንቁላልም አይነካም። ወተትና እርጎ ግን ነፍሱ ነው። አንድ ረቡዕ ለምሳ ከመሥሪያ ቤታችን አጠገብ ወዳለች ትንሽ ምግብ ቤት ይዤው ሄድኩ። የጾም በያይነቱ አዘዝኩለት። ትሪው መጣ። ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥር። ደስ አለው። ከዚያ አስተናጋጇን ጠራና «እርጎ አለ?» አላት።

ልጅቷ ትሪውን አየች። እሱን አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ቀስ ብላ «ይጾማሉ ወይስ አይጾሙም?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። አይጾምም። ሥጋም አይበላም። ለእሷ እነዚህ ሁለቱ አንድ ሰው ላይ አይገናኙም። የጾም ትሪ አጠገብ እርጎ ማዘዝ ጋቢ ለብሶ ዋና እንደመግባት ነው። እርጎውን ግን አመጣችለት፤ ከትሪው ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው።

በኋላ ሳስበው አንድ ነገር ገባኝ። በእኛ አማርኛ ስም የሚወጣለት ምግቡና ቀኑ ነው። የጾም ሽሮ አለ፤ የፍስክ ሽሮ አለ። ዛሬ ጾም ነው፤ ነገ ፍስክ ነው። የጾም ኬክ፣ የጾም በርገር፣ አሁን አሁን የጾም ማኪያቶም መጥቷል። ሥጋ ቤት በር ላይ የሚሰቀለው መስቀል ወይም ጨረቃ እንኳን የሚናገረው ስለ ሥጋው ነው፤ ማን እንዳረደው። ያ ሕንዳዊ እንደነገረኝ በእነሱ አገር የታሸገ ምግብ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ካለ ሥጋ የለበትም ማለት ነው። ነጥቡ ያለው ብስኩቱ ላይ ነው፤ ገዢው ግንባር ላይ አይደለም።

የእኛ ሰውዬ ረቡዕ ሽሮ በዘይት ይበላል። ቅዳሜ ደግሞ ቁርጥ ቤት ቢላዋ ይዞ ታገኚዋለሽ። አስመሳይ የሚለው የለም። «ጿሚ» የሚል ቃል አለን፤ ግን ጿሚ በፋሲካ ሌሊት በዶሮ ሲፈታ ጿሚነቱ አይፋቅም። እንዲያውም ያኔ ነው የሚያምርበት።

ቁጠሪ እስቲ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15። የነነዌ 3 ቀን። የነቢያትና የሐዋርያት አለ። በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ አለ። ሁሉንም የሚጾም ሰው የዓመቱን ግማሽ ያህል ሥጋም ወተትም እንቁላልም ሳይነካ ያሳልፋል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ «ሰኞን ያለ ሥጋ» የሚል ዘመቻ አላቸው። በሳምንት አንድ ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብን የነገራቸው የለም መሰለኝ። በእነሱ አነጋገር እናትሽ የትርፍ ሰዓት ቪጋን ናቸው። እስቲ ይህን ንገሪያቸውና ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።

የአመጋገብን ስም ሰው ላይ መለጠፍ የፈረንጅ ልማድ ነው። ያን ያህል ረጅም ዕድሜም የለውም። «ቬጂቴሪያን» የሚለው ቃል በደንብ የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1847 እንግሊዝ ውስጥ፣ ራምስጌት በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ተሰብስበው ማኅበር ካቋቋሙ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለውን ሰው በግሪኩ ፈላስፋ በፓይታጎራስ ስም ይጠሩት ነበር። ማኅበሩ መቶ ዓመት ሳይሞላው በወተት ተጣላ። ሥጋውን ትተን ወተቱን መጠጣት ምን ማለት ነው የሚሉ አባላት ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ1944 ዶናልድ ዋትሰን የሚባል የእንጨት ሥራ መምህር ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆኖ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋመ። ስም ያስፈልጋቸው ነበር። «ቬጂቴሪያን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ወሰዱና ከፊቱ ሦስት፣ ከኋላው ሁለት ፊደል አስቀርተው መሐሉን ጣሉት። «ቪጋን» ተወለደ።

ከዚያ መሐል ላይ የቀሩት ሰዎችም ስም አማራቸው። «ፍሌክሲቴሪያን» የእነሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካን እንግሊዝኛ የሚያጠኑ ምሁራን ማኅበር የዓመቱ እጅግ ጠቃሚ ቃል ብሎ መርጦታል። ትርጉሙም ያንቺው ነው፦ አብዛኛውን ጊዜ ሥጋ የማይበላ፣ አልፎ አልፎ የሚበላ። ባልደረባሽ ከኪሱ አላወጣውም ማለት ነው። ቢሆንም ያልወደድሽውን ስም የመሸከም ግዴታ የለብሽም። ጠቃሚ ነው ብለው የመረጡት ሰዎች ገርጂ አይኖሩም።

የእነሱ ጠብ በወተት ነበር። የእኛ በዓሣ ነው። አንድ ገበታ ላይ «ዓሣ የጾም ነው አይደለም?» ብለሽ ጣል አድርጊና ዞር በዪ። ወጡ ይቀዘቅዛል እንጂ ክርክሩ አያልቅም።

አሁን ወደ ረቡዕሽ።

ምግብ ቤት ገብተሽ «የጾም ምን አለ?» ማለት ውሸት አይደለም። ማክሰኞም ቢሆን፣ በዓለ ሃምሳም ቢሆን። የጠየቅሽው ስለ ምግቡ ነው። ሙስሊሙም ፕሮቴስታንቱም በያይነቱ ሲያምረው እንዲሁ ብሎ ነው የሚያዝዘው። አስተናጋጁም ስለ ነፍስሽ አይጨነቅም። ያችኑ ትሪ ዋሽንግተን የሐበሻ ምግብ ቤት ብታዢያት «ቬጂ ኮምቦ» ትባላለች፤ ምስሩ ግን ያው ምስር ነው።

«እጾማለሁ» ስትዪ ግን የተናገርሽው ስለ ራስሽ ነው። ጾም ደግሞ ከምግብ ዝርዝር ያለፈ ነገር ነው። ሰዓት አለው፤ የሚጾም ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ ይቆያል። ጸሎት አለው፣ ስግደት አለው። የጋሼ ባለቤት ብድግ ያሉት ሽሮ ስላማረሽ አይደለም። ስለት ያለባት ሴት ቤታቸው መጥታ ጾሟን እንዳታድር ብለው ነው። ሽንኩርቱን እየከተፉ «አምላኬ ስለቷን ስማላት» ብለውልሽም ይሆናል። የተናነቀሽ ለዚህ ይመስለኛል። ሽሮው ጥፋት የለበትም።

ስለ እህትሽ ደግሞ። «ዶሮዋ በዓል መሆኑን አታውቅም» ላለችው መልስ ፈልጌ አጣሁ። እውነቷን ነው። እሷ ይህን የያዘችው ለእንስሳቱ ብላ ነው። አንቺ ግን በዚያ ሁሉ ደብዳቤ ውስጥ ስለ እንስሳ አንድ ቃል አልጻፍሽም። ሰውነትሽ ቀለለሽ፤ ተመቸሽ፤ ቀጠልሽበት። መነሻችሁ ይለያያል፤ መንገድ ላይ ነው የተገናኛችሁት። አስመሳይ የምትሆኚው እሷ የምትለውን እያልሽ ሌላ ስትበዪ ነበር። ቪጋን ነኝ ብለሽ አታውቂም። ስለዚህ በአጭሩ «ያንቺ ለእንስሳቱ ነው፤ የኔ ለራሴ ነው» በያት። ትናደድ ይሆናል። ቢያንስ በትክክለኛው ነገር ትናደዳለች።

መሥሪያ ቤት «ቬጂቴሪያን ነኝ» ማለትሽን ግን ተዪው። እዚህ ላይ ልቆጣሽ ነው። ያ ሕንዳዊ ባልደረባዬ አንድ ጊዜ የመሥሪያ ቤት ድግስ ላይ ሥጋ የሌለበት ምግብ ጠየቀ። ምግብ የምታነሣው ሴት ጎመን በሥጋ ይዛለት መጣች። ሥጋውን በማንኪያ እየለቀመች አውጥታ ጎመኑን ብቻ ነው ያቀረበችለት። ደክማበታለች። አልበላም ሲላት ከፋት። ወደ እኔ ዞራ «ባለፈው የመጣችው ቬጂቴሪያን እኮ እንዲህ አድርጌላት በልታለች» አለችኝ።

ያቺ ባለፈው የመጣች ሴት አንቺን የምትመስል ናት። ለእሷ መረቁ አያስቸግራትም። ለእሱ ድስቱ ራሱ ያስቸግረዋል። እሷ ስሙን ቀለል አድርጋ ስለያዘችው እሱ ሲናገር የሚያምነው አጣ። የዚያን ቀን ምሳው ሁለት ሙዝ ነበር።

ታዲያ ምን ልበል ትይኝ ይሆናል። ራስሽ ጽፈሽዋል፦ «በአዘቦት ቀን ሥጋ አልበላም።» በጣም ነው የወደድኳት። አዘቦት ካለ በዓል አለ፤ ለፋሲካ ዶሮ ስትበዪ ያየሽ ሰው የሚስቅበት ነገር አያገኝም። ቬጂቴሪያንም ፍሌክሲቴሪያንም አልወጣትም። ስም ካልሰጠሻቸው የሚነጥቁሽም ነገር የለም።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። «ሥጋ አልበላም» ስትያት የቤቱ እመቤት ፊቷ በርቶ «እሺ፣ ዶሮ ላውጣልሽ» ትልሻለች። ተንኮል የላትም። በእኛ ሥጋ ማለት የበሬ፣ የበግና የፍየል ነው። ዶሮ ዶሮ ነው፤ ዓሣም ዓሣ ነው። ስለዚህ «ሥጋም ዶሮም» በዪ። ይህን ያልሻት ሴት ደግሞ ዶሮ ወጡን ታቀርብና «እንቁላሉን ብቻ አውጥተሽ ብዪ፣ ወጡን ጥቀሺበት» ትልሻለች። እሱን አንቺ ወስኚ። እኔ ብሆን እንቁላሉን አልተውም።

ምግብ ቤት ሁልጊዜ «የጾም» እያልሽ ካዘዝሽ የምትወጂያቸውን ቅቤና አይብ በገዛ አፍሽ ታስቀሪያለሽ። «ፍስክ ነው፤ ያለ ሥጋ» በዪው። አስተናጋጁ አንድ አፍታ ቆም ይላል፤ ከዚያ ይገባዋል። ተጋቢኖ በቅቤ፣ ምስር በቅቤ፣ ጎመን በአይብ፣ እንቁላል ፍርፍር። ቦዘና ሽሮ እንዳታዢ፤ ሽሮ ነው ብለሽ ጠቅሰሽ ስታነሺ ሥጋ ይዞ ይወጣል። ፍርፍር ብለሽም ዝም አትበዪ፤ ቋንጣ ሊኖረው ይችላል። ፓስታ ስታዢም ስጎው የምን እንደሆነ ጠይቂ።

ጉርሻ ነው የሚከብደው። የባልሽ አክስት ጥብሱን በደንብ ጠቅልለው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ «በሞቴ!» እያሉ አፍሽ ድረስ መጥተዋል። ገበታው ሁሉ ያይሻል። እኔ ብሆን እጎርሳለሁ። ስለት የለብሽም፤ ሕመም የለብሽም፤ ደንቡን ያወጣሽው ራስሽ ነሽ። ለአክስት እጅ ትንሽ ቀዳዳ ብትተዪለት ማንም አይከስሽም። እህትሽ ይህን ካነበበች ታኮርፈኝ ይሆናል። አይሆንልኝም ካልሽ ደግሞ ቀድመሽ አጉርሻቸው። ምስሩን አሳምረሽ ጠቅልዪና ወደ አፋቸው ውሰጂው። ሰው ብዙ ጊዜ ከጎረሰው ነው የሚመልሰው። «አንድ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን ሲያመጡም ምስር ነው የሚሆነው።

ስለ ጤና አልጠየቅሽኝም፤ እኔ ግን ሳልናገር አላልፍም። ቢ12 የሚባለው ቪታሚን ከዕፅዋት አይገኝም። አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ነው፤ እንቁላልና ወተት እስከበላሽ ድረስ ብዙ አትጨነቂ። አጽዋማቱንም ሁሉ የምትጾሚ ከሆነ ግን ለሐኪም ንገሪው። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ብረት ነው። የምስርና የጎመን ብረት እንደ ሥጋው በቀላሉ ወደ ሰውነት አይገባም። ሎሚ ጨምቂበት፤ ይረዳል። ቡናና ሻይ ደግሞ ያግዱታልና ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አቆይው። ገበታው ሳይነሣ ጀበና ለሚጣድበት አገር ይህ ጭካኔ መሆኑን አውቃለሁ። ድካም ወይም ማዞር ካለሽ ደምሽን ተመርመሪ።

እናትሽ «ወይ ጹሚ ወይ ብዪ» ያሉት ክፋት ኖሮባቸው አይመስለኝም። እሳቸው በሚያውቁት ቤት ሁለት በር ነው ያለው፣ ጾምና ፍስክ። አንቺ ግድግዳውን ሰርስረሽ ሦስተኛ አወጣሽ። ወተት እየጠጡ ሥጋ መተው ለማን ነው? ለእግዜር ካልሆነ ለማን?

ሌላም ነገር አለ። እናትሽ ልጅ ሳሉ ቤታቸው ሥጋ የሚገባው መቼ መቼ እንደነበር ጠይቂያቸው። በብዙ ቤት ለበዓል ነበር። ሰፈርተኛው ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ይገዛል። ቅርጫ ይታረዳል፤ መደቡ በዕጣ ይከፋፈላል። ልጆቹ ጎድጓዳ ሳህን ይዘው ይቆማሉ። ከዚያ ወዲያ እስከሚቀጥለው በዓል ሽሮ ነው። አሁን አንቺ የምትበዪው ልክ እንደዚያ ነው፤ ሥጋ ለበዓል፣ ሽሮ ለአዘቦት። እሳቸው ግን ያን ያደረጉት ስለቸገራቸው ነው። ልጄ እኔ ያጣሁትን አትጣ ብለው አሳደጉሽ፤ አንቺ ደግሞ ሞልቶ ሳለ «አይ፣ ይቅርብኝ» አልሽ። ቢከፋቸው አይፈረድባቸውም። ዶሮ ወጣቸውን ግን ትበያለሽ። 12 ብልት አውጥተው፣ ሽንኩርቱን ግማሽ ቀን አቁላልተው የሠሩትን ደስ ብሎሽ ትበያለሽ። ስለ ቀረው አታብራሪላቸው። በየጊዜው ማብራራት ነው ነገሩን ያገዘፈው።

ስለ ጋሼ ቤት እንጨርስ።

ገናን አትጠብቂ። አሁን ጾመ ነቢያት ላይ ነን። ለሁሉም የሚቀርበው የጾም ስለሆነ አንቺን ለይቶ የሚያስቸግር ምግብ የለም። ከዚህ የተሻለ ጊዜ አታገኚም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻሽን ሂጂ። ጋሼን ተያቸው። ሽሮውን የሠሩልሽ ባለቤታቸው ናቸው፤ የምትነግሪያቸውም ለእሳቸው ነው። ሳሎን አይሁን። ማድ ቤት ገብተሽ አንድ ነገር እያገዝሽ ንገሪያቸው፤ ሽንኩርት ላጪ፣ ምስር ልቀሚ። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይቀለዋል። «ያን ቀን ስለት አልነበረብኝም። በአዘቦት ቀን ሥጋ አልበላም፤ ማስረዳቱ አሳፍሮኝ ዋሸሁ። እርስዎ ብድግ ብለው ሽሮ ሲሠሩልኝ ደግሞ ባሰብኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ይበቃል። ስለ ቬጂቴሪያን ታሪክ እንዳትጀምሪ፤ እሱ ለእኔ ዓምድ ነው።

ሊስቁ ይችላሉ። ዝም ሊሉም ይችላሉ። ዝም ካሉ ዝምታውን በወሬ አትሙዪው፤ ምስርሽን ልቀሚ። ምናልባት ከመጀመሪያውም አውቀው ይሆናል። ቄሱ ቀና ብለው አይተውሽ ዝም ሲሉ እሳቸውም እዚያው ነበሩ። ለጋሼ ራሳቸው ይነግሯቸዋል፤ ከአንቺ አሳምረው። ስለቱ በውሸት መጠራቱ በሌላ በኩል ከከነከነሽ ደግሞ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። እዚያ ላይ የእኔ ሥልጣን አይደርስም።

የገና ዕለት ዶሮ ወጣቸውን ብዪ። በዓል ነው፤ በደንብሽም የተፈቀደ ነው። ከበዓሉ በኋላ ደግሞ አንድ ተራ ማክሰኞ ስትሄዱ ትንሽ ድስት ይዘሽ ሂጂ። ምስር ወጥ ሥሪ። ቅቤውን አትሰስቺበት። ክዳኑ ሲከፈት ሽታው ቀድሞ ሳሎን ይገባል፤ ስለት ላይ እንዳልሆንሽ ያኔ ማንም አይጠይቅሽም።